አክስቴ ኮካውን የጨመረችው ወዳ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አራት ኪሎ አካባቢ፣ ሳሎን በምታህል አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ተሰብስበን ነበር። ስለ ቀይ ወይንና ስለ እራት እንዳወራ ተጠርቼ ነው። ያልመጡ ጓደኞቼ "ምን አልክ?" እያሉ ስላስቸገሩኝ ያወራሁትን ጻፍኩት። የተንተባተብኩትን ብቻ አውጥቻለሁ።

እንደምን አመሻችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ልመና። ፊት ለፊታችሁ ሦስት ሦስት ብርጭቆ አለ። ገና አትንኩት። ጥግ ላይ ያለሽው እህቴ፣ አይቼሻለሁ፣ መልሰሽ አስቀምጪው። ባዶውን ጆግም አትንኩት፤ እሱ በኋላ ሥራ አለው።

እኔ ወይንን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ስታዲየም አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ እንግዳ ጠርሙስ አስከፈተኝ። ቀዳሁለት። አሸተተና "ይሄ ተበላሽቷል" አለኝ። "ጌታዬ፣ አሁን ዓይንዎ እያየ አይደል የከፈትኩት?" አልኩት። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ። ዝናብ የመታው ካርቶን ይሸታል። እኔ ግን ፍርጥም ብዬ "ወይን እንዲህ ነው የሚሸተው" አልኩት። ሰውየው ምንም አላለም። ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ፣ ተመልሶም አልመጣ።

ትክክል እንደነበረ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ቡሹ ውስጥ አንዳንዴ ከሻጋታ የሚመጣ፣ ቲሲኤ የሚሉት ነገር ይኖራል። ሰው አይጎዳም፤ የወይኑን ሽታ ግን ድራሹን ያጠፋዋል፣ በቦታው የእርጥብ ካርቶን ሽታ ይተካል። ከዛሬው ሌላ ምንም ባትይዙ ይህቺን ያዙ፦ እርጥብ ካርቶን ከሸተታችሁ መልሱት። አስተናጋጁ ቢከራከራችሁም መልሱት።

ሁለተኛው ጥፋቴ አክስቴ ላይ ነው። ፋሲካ ነው፣ ዶሮ ወጥ ቀርቧል፣ አንድ ጉደር ተከፍቷል። እትዬ ብርጭቆዋን ግማሽ ድረስ ወይን አደረገችና ከላይ ከፍሪጅ የወጣ ኮካ ደፋችበት። እኔ ያኔ የሆቴል ሰው ሆኛለሁ። ነጭ ሸሚዝ፣ ቢራቢሮ ክራቫት፣ የማላውቀው ነገር የለም። "እትዬ፣ ኧረ ያሳፍራል፣ ወይን በኮካ አይጠጣም" አልኳት፣ ያውም ሰው ፊት። "አንተ ዝም በል፣ የምጠጣው እኔ" አለችኝ። ዛሬ ከማወራው ግማሹ የዚያ ቀን ይቅርታ ነው። እትዬ ምክንያት ነበራት። እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ቅልቅል ወይን ምን እንደሆነ እንነጋገር። ጁስ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ ስታዙ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው ተደራርቦ ይመጣል። በማንኪያ ከፈለጋችሁ አንዱን፣ ከፈለጋችሁ ሁሉንም ታወጣላችሁ። ብዙ ሰው ቅልቅል ወይን ሲባል እንደዚያ ይመስለዋል። የተረፈውን ደባልቀው የሸጡልን የሚመስለውም አለ። አይደለም። ቅልቅል ወይን የሚመስለው በርበሬን ነው። እናቴ በርበሬ ስታዘጋጅ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ ሁሉ ይገባል። ወጡ ከተሠራ በኋላ ቀምሶ "ኮረሪማ አለው" የሚል ሰው ከተገኘ እናቴ ይከፋታል። በዛ ማለት ነዋ! ሲጎድል ግን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ምን እንደጎደለ ስሙን ባይጠራውም።

ወይን ቀላቃዩም ሥራው ይኸው ነው። የየዘሩ ፍሬ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ይጠመቃል፣ ለየብቻ ይቀመጣል፣ ከዚያ እየቀመሰ ይህን በዚህ ያህል፣ ያንን በዚያ ያህል ይላል።

ነገሩ የተጀመረው ግን በጣዕም ብቻ አይደለም፣ በዝናብ ፍራቻም ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ቦርዶ የሚባለው አገር ለባሕር ቅርብ ነው፤ የበልጉ ውርጭና የመከሩ ዝናብ አይታመንም። ሜርሎ የሚባለው ወይን ቀድሞ ይበስላል፣ ካበርኔ ሶቪኞ ደግሞ ዘግይቶ። ውርጩ ቀድሞ ያበበውን ቢመታው ዘግይቶ የሚመጣው ይተርፋል። ዝናቡ በመከር ጊዜ ቢመጣ ደግሞ ቀድሞ የበሰለው ጎተራ ገብቷል። ጤፍም ባቄላም የሚዘራ ገበሬ የሚያስበውን ነው ያሰቡት። ከዚያ ሁለቱን ሲቀላቅሏቸው አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚሞላ አዩ። ሜርሎ ለስላሳና ፍሬ ፍሬ የሚል ነው፣ ካበርኔ ጠንካራና አፍ የሚያደርቅ። ዛሬም አገሩን አቋርጦ ከሚያልፈው ወንዝ በስተግራ ያሉት ካበርኔውን ያበዛሉ፣ በስተቀኝ ያሉት ሜርሎውን።

ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሮን ወንዝ አካባቢ፣ ሌላ ቤተሰብ አለ። ግሬናሽ፣ ሲራ፣ ሙርቬድር። ግሬናሹ የበሰለ ፍሬ ጣዕምና አልኮል ያመጣል፣ ሲራው ቀለምና ቅመም፣ ሙርቬድሩ ደግሞ አጥንት ይሆናል። ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የሚባለው ወይን ሕጉ አሥራ ሦስት ዓይነት ዘር ይፈቅድለታል። እኔ አሥራ ሦስቱንም በቃሌ አልወጣቸውም፣ አታስጨንቁኝ።

ደግሞ ባለሙያ ተብዬው ሁሉ ይለያቸዋል ብላችሁ እንዳትፈሩ። ቺሌ ውስጥ ገበሬዎች ሜርሎ ነው ብለው ለዘመናት ሲያመርቱት ከነበረው ውስጥ ብዙው ካርሜኔር የሚባል ሌላ ዘር ሆኖ ተገኘ። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የካበርኔ ሶቪኞም ወላጆች የታወቁት በዘር ምርመራ በ1990ዎቹ ነው፤ አንዱ ካበርኔ ፍራንክ፣ ሌላው ሶቪኞ ብላን። አዎ፣ ብላን፣ ነጭ ወይን። የቀዮቹ ንጉሥ አንድ ወላጁ ነጭ ነው።

የኛውስ? ጉደርና አክሱሚትን የማያውቅ እዚህ የለም፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ጣፋጭ። ከዚያ የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ ላይ ችግኝ ከፈረንሳይ አምጥቶ ተከለ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞ፣ ከነጭ ደግሞ ሻርዶኔ። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ወይን ደግሞ ይህን ይወዳል። ከሐይቁ የሚወጣ ጉማሬ እንዳይገባ እርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል። ቦርዶ ውስጥ ይሄ ችግር የለም።

አሁን ብርጭቆዎቹ ጋ እንምጣ። ከግራ ወደ ቀኝ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞ ነው።

ብርጭቆውን እግሩን ያዙ፣ ሆዱን አይደለም፣ እጃችሁ ያሞቀዋል። ቤታችሁ ስትሆኑ ከመቅዳታችሁም በፊት ባዶውን ብርጭቆ አሽትቱት። እየቀለድኩ አይደለም። የኛ ቤት ብርጭቆ ወይ በረኪና፣ ወይ ኦሞ፣ ወይ ለበዓል ብቻ የሚከፈተውን የቡፌ ሽታ ይሸታል። አባቶች "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" ያሉት ስለ ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ግን ለብርጭቆም እጠቀምበታለሁ። በሙቅ ውሃ ብቻ አለቅልቁት። ስትቀዱ ደግሞ ሲሶውን ብቻ። እስከ አፉ መሙላት ለጠጅ ቤት ነው፤ እዚህ ባዶው ቦታ የሽታው ቤት ነው።

ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርጉትና ጠርዙን እዩ። ወይን ጠጅ ቀለም ካደላ ልጅ ነው። ወደ ሸክላ ቀለም ከሄደ አርጅቷል። አወዛውዙት። ብርጭቆው ላይ የሚንጠባጠበውን አይታችሁ "ጥሩ ወይን ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ ፈገግ በሉ። እሱ የሚናገረው በዋነኛነት ስለ አልኮሉ ነው እንጂ ስለ ጥራቱ አይደለም።

አሁን አሽትቱ። ሁለተኛውን፣ ሲራውን። ምን አገኛችሁ? ... አዎ! ቁንዶ በርበሬ! ማን ነው ያለው? ጎበዝ። እሱ አባባል ብቻ አይደለም፣ እውነተኛ ቁንዶ በርበሬ ነው። ሮተንዶን የሚባል ነገር አለ፣ የቁንዶ በርበሬን ሽታ የሚሰጠው እሱ ነው፣ ሲራ ልጣጭ ላይም ያው ራሱ ይገኛል። አውስትራሊያውያን ናቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳወቁት። የሚያስቀው ነገር፣ ከሞከሩት ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ጨርሶ አልሸተተውም። ስለዚህ "እኔ ምንም አይሸተኝም" የምትሉት ሰዎች አፍንጫችሁ አልተበላሸም፣ ለዚህ ሽታ ብቻ በሩ ዝግ ነው።

ሦስተኛውን አሽትቱ፣ ካበርኔውን። በደንብ ያልበሰለ ካበርኔ ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ? ቃሪያ። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ለስንግ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሽታ። እዚህ ትንሽ አለች፣ ፈልጓት። ጥቂት ስትሆን ደስ ትላለች፤ ከበዛች ፍሬው በጥድፊያ ተለቅሟል እላለሁ እኔ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት አለ። ቦርዶ ውስጥ 54 የወይን ተማሪዎችን ሰብስበው አንድ ነጭ ወይን ሰጧቸው፣ ከዚያ ያንኑ ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም አቅልመው ሰጧቸው። ተማሪዎቹ የቀላውን በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። ቦርዶ የሚማሩ ልጆች! ዓይን አፍንጫን ይመራዋል። እናንተም "ይሄ ውድ ነው" ስትባሉ ይጣፍጣችኋል፣ እኔም ይጣፍጠኛል።

አሁን ቅመሱ። አትዋጡት ቶሎ። ሜርሎውን አፋችሁ ውስጥ አንከባሉት። ምራቃችሁ በጎንና በጎን ከመጣ ኮምጣጣነቱ ነው። ጉሮሮ ላይ ሞቅ ካደረጋችሁ አልኮሉ ነው። ምላሳችሁና ድዳችሁ ደረቅ ካለ ደግሞ ታኒን ነው። ያልበሰለ ሙዝ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ስኳር የሌለው፣ ቅጠሉ ውስጡ የቆየ ሻይስ? ያ ስሜት ነው። አሁን ካበርኔውን። ልዩነቱን አያችሁ? እዚያ ጋ ያለው ወንድሜ ፊቱን ያየ ሁሉ ገብቶታል።

አንድ ቃል ላጥራ። ጠርሙሱ ላይ "ድራይ" ሲል ብዙ ሰው አፍ የሚያደርቅ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ስኳሩ አልቆ አልኮል ሆኗል ማለት ነው፤ በአውሮፓ ሕግ በሊትር እስከ 4 ግራም ገደማ ስኳር ብቻ የቀረበት። ከፊል ጣፋጭ የሚሉት ከ12 እስከ 45 ግራም ይደርሳል። ጠጅ ቤት ገብታችሁ "ደረቅ ነው ወይስ ለስላሳ?" ስትባሉ የምትመልሱት ጥያቄ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እሺ፣ ጆጉ። ወደ ፊት ኑ፣ የምታዩ። መለኪያ ይዣለሁ፣ ያው የአረቄው መለኪያ። ስድስት መለኪያ ሜርሎ። ሦስት ሲራ። አንድ ካበርኔ። ነቅነቅ አደርገዋለሁ። አትጠጡትም ገና። አየር ያግኝ፣ እኛ ስለ እራት እናውራ።

"ቀይ ሥጋ በቀይ ወይን፣ ዓሣ በነጭ ወይን" የምትለዋን ሕግ ሁላችሁም ሰምታችኋል። አልተሳሳተችም። ታኒን አፋችን ውስጥ ምራቃችን ላይ ካለው ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፣ ለዚህ ነው አፍ የሚደርቀው። ቅባት ያለው ሥጋ ስትበሉ ግን ታኒኑ ሥራ ያገኛል፣ እናንተን ይተዋችኋል። ወይኑ ይለሰልሳል፣ ሥጋውም አይከብድም። ጨው ያለበት ጥብስ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ።

ችግሩ ሕጓ የወጣችው ሥጋውን በጨውና በቁንዶ በርበሬ ጠብሶ ለሚበላ ሕዝብ ነው። የኛ ሥጋ በርበሬ ውስጥ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ለዚህ ነው ዛሬም የመጣሁት፦ ወይን ስትመርጡ ሥጋውን አትዩ፣ ወጡን እዩ። የበሬ ይሁን የዶሮ ለወይኑ ግድ የለውም። የሚያቃጥል ነው? ቅቤ አለው? ጎምዛዛ ነው? ግድ ያለው ይኼ ነው።

በርበሬ አፍ ላይ የሚያደርገው ማቃጠል ነው፣ ጣዕም ብቻ አይደለም። አልኮል ያንን ማቃጠል ያባብሰዋል። ታኒንም በተቃጠለ ምላስ ላይ ሲመጣ እንደ አሸዋ ይሻክራል፣ ይመራል። የሚያበርደው ምንድን ነው? ስኳር። ቅዝቃዜ። ቅባት።

አሁን እትዬን አስታውሱልኝ። ደረቅ ቀይ ወይን ነው። ዶሮ ወጥ ነው፣ ያውም የሷ ዶሮ ወጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ። ኮካው ስኳር ጨመረ። ቀዝቃዛ ነበር። አልኮሉን አቀጠነ፣ ታኒኑንም እንደዚሁ። ሦስቱንም ችግር በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ፈታችው። ማንም አልነገራትም፣ ምላሷ ነገራት። እኔ ነበርኩ ቢራቢሮ አስሬ የማይገባኝ።

ታዲያ ኮካ ጨምሩ እያልኩ ነው? አይ፣ እሱስ አይደለም። ኮካው ችግሩን ሲፈታ ወይኑንም አብሮ ይቀብረዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትጠጡት ኮካ ነው። እትዬ ያደረገችውን ወይኑ ራሱ እንዲያደርገው ምረጡ። ለዶሮ ወጥ ከፊል ጣፋጭ ቀይ ውሰዱ፣ ወይም ሜርሎ የበዛበት ለስላሳ ቅልቅል፣ ፍሪጅ ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ አስቀምጡት። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ለሰዓታት ሲቁላላ ጣፋጭ ይሆናል፣ እንቁላሉም ለስላሳ ነው፤ ከዚያች የወይን ጣፋጭነት ጋር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ደረቅ፣ ካበርኔ የበዛበት፣ በርሜል ውስጥ የቆየ ውድ ጠርሙስ ለፋሲካ ይዞ የሚመጣውን ዘመድ አመስግኑና ጠርሙሱን ለሌላ ቀን ደብቁት።

ክትፎ ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚበላሸው እሱ ነው። ክትፎ በተፈጥሮው የወይን ወዳጅ ነው። ሥጋ አለ፣ ንጥር ቅቤ አለ፣ የኮሰረቱ ሽታ አለ፣ አይቡ ለብቻው ለስላሳ ነው። ለጠንካራ ቅልቅል፣ ሲራም ካበርኔም ላለበት፣ ከዚህ የተሻለ ምግብ አላውቅም። ከዚያ ወጥ ቤቱ ሚጥሚጣውን እላዩ ላይ ነስንሶ ይልከዋል፣ ሁሉም ያበቃል። መድኃኒቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስታዙ "ሚጥሚጣውን ለብቻ" በሉ። በጎን ይምጣ። የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ጉርሻ ያለ ሚጥሚጣ ብሉት፣ መሃሉ ላይ ወይኑን ጠጡ፣ አይቡን አስከትሉ። በኋላ ሚጥሚጣችሁን ንኩ፣ ማን ከለከላችሁ። ለብለብ ይሁን ጥሬ ወይኑ ብዙ አይለይም፣ እኔ ግን ለብለቡን እመርጣለሁ።

ጥብስ ቀላል ነው። ደረቅ ጥብስ፣ ሸክላ ላይ እየጮኸ የሚመጣው፣ የጥብስ ቅጠል ያለበት። ሲራ ያለበት ማንኛውም ቅልቅል ይሄዳል። ቅጠሉና የወይኑ ቁንዶ በርበሬ ይተዋወቃሉ። አዋዜውን ግን ጠንቀቅ በሉ። ጥሬ ሥጋ ከሆነ ደግሞ ሰናፍጩ አፍንጫችሁን ለአሥር ደቂቃ ይዘጋዋል፤ ሰናፍጭ ለምትወዱ ቢራ እዘዙ፣ ወይኑን አታባክኑ።

የጾም ቀንስ ያልሽው፣ አየሁሽ። ረቡዕና ዓርብ ወይን የምትጠጡ ከሆናችሁ፣ ያ የእናንተ ጉዳይ ነው። ሽሮ ለወይን ከሚመስለው በላይ ይመቻል፤ ወፍራም ነው፣ አፍ ይሸፍናል። ተጋቢኖ ከሜርሎ ጋር ሞክሪ፣ ብዙ የማያቃጥል ከሆነ። በያይነቱ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ ወይን ለስድስት ዓይነት ምግብ መፈለግ ነው። ምስር ወጡ የሚፈልገውን ጥቅል ጎመኑ አይፈልግም። እኔ ሲቸግረኝ ቀዝቀዝ ያለ ሮዜ፣ ያንን ሮዝ ቀለም ያለውን ወይን፣ እይዛለሁ።

ላዛኛና ፓስታ ላይ አልደክምም። የቲማቲም ስጎ ኮምጣጣ ስለሆነ እሱም የራሱ ኮምጣጣነት ያለው ወይን ይፈልጋል። በቃ።

ኮምጣጣ ካልኩ አይቀር እንጀራ። ስለ ወይንና ስለ ምግባችን የሚጽፉ ሰዎች እንጀራውን ይረሱታል። እንጀራ ኮምጣጣ ነው፣ ያውም በእያንዳንዷ ጉርሻ ውስጥ አለ። ኮምጣጣ ነገር ከበላችሁ በኋላ የምትጠጡት ወይን ኮምጣጣነቱ ይቀንስባችኋል። ወይኑ ድሮም ደካማ ከሆነ ውሃ ውሃ ይላል፣ ጠንካራ ከሆነ ይለሰልሳል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ወይም ባር ላይ ብቻውን ቀምሳችሁ "ትንሽ ኮምጠጥ ብሏል" ያላችሁት ወይን እንጀራ ላይ ሲደርስ ልክ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ነው እኔ ወይን በባዶ አፍ ቀምሼ የማልፈርደው። ትንሽ ጠጡ፣ ጉረሱ፣ እንደገና ጠጡ። ሁለተኛዋ ጉንጭ ናት የምትናገረው።

ስለ ሙቀት። "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት" የሚባለው ማሞቂያ ባልነበረበት ዘመን ስለነበረው የአውሮፓ ቤት ነው፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ። የአዲስ አበባ ክረምት ምሽት ራሱ እዚያ ያደርሳችኋል፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። በበጋ ግን ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ። የሠራሁበት ሆቴል ውስጥ ቀይ ወይኑ የሚደረደረው ከወጥ ቤቱ ምድጃ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር። እኔው ነኝ የደረደርኩት፣ "ቀይ ሙቅ ይወዳል" ብዬ። አልኮሉ አፍንጫ ይወጋ ነበር። ስትገዙም መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ጠርሙስ አትግዙ፣ የቱንም ያህል ቢቀንሱላችሁ።

ሒሳቡ ደግሞ ይሄ ነው፤ አንድ ጠርሙስ 75 ሴንቲ ሊትር ነው፣ አምስት ብርጭቆ ገደማ። ለአራት ሰው እራት አንድ ከበቃ ጥሩ፣ ካልበቃ ሁለተኛው ይከፈትና መኪናው እዚያው ይደር፣ ራይድ ይጠራ። የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ፣ ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ጥብስ ላይ አፍስሱት።

ሌላ ጥያቄ? ... "ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋርስ?" አባቴ፣ እሱማ ከኛ በፊት የተፈታ ነው። ማሩ ጣፋጭ፣ ጌሾው መራራ፣ አልኮሉም ብዙ የማይከብድ። ለስላሳውን ጠጅ ይዞ ዶሮ ወጥ የሚበላ ሰው ከኔ ምንም አይማርም፣ ይልቅ እዚህ መጥቶ ያስተምረን።

እሺ፣ ጥብሱ እየመጣ ነው፣ ሽታው ደርሶኛል። ጆጉ ሃምሳ ደቂቃ ቆይቷል። የሜርሎዋን ብርጭቆ ጨርሱና ከጆጉ ቅዱበት፣ ለሁሉም እንዲደርስ ትንሽ ትንሽ ብቻ። መጀመሪያ አሽትቱ፤ ቁንዶ በርበሬዋ አለች? ቃሪያዋስ? ቃሪያዋን ካገኛችኋት አንዷ መለኪያም በዝታለች ማለት ነው፣ ንገሩኝ፣ ሜርሎ እጨምርበታለሁ። እኔ ራሴ ገና አልቀመስኩትም። እጃችሁን ታጠቡ፣ አዋዜውን ወዲህ በሉት፣ ጎረስ አድርጉና ቅመሱት።